ልጓም ያላት ሞተር

ከደባርቅ እስከ ዳባት ምን ያህል ያስኬዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሾፌሩ በሰዓት፣ የመንገድ ሠራተኛው በኪሎ ሜትር ይመልሳል። ቢራራ ግን ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «አሥራ አንድ መውረጃ ነው፤ ያውም ቀብር ካላጋጠመ» ይል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በጥድና በወይራ ተከበው የቆሙ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በቅሎ የተቀመጠ ጨዋ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ይወርዳል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይሳለማል፤ በቅሎውን እየሳበ ጥቂት እርምጃ በእግሩ ከሄደ በኋላ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። ታላቁን ሲያገኝም ይወርዳል። ቀብር ሲያገኝማ፣ ወርዶ ጥቂት ካልሸኘ የራሱን ቀብር ማን ይሸኝለታል? ቢራራ ይህን ሥርዓት ከአባቱ ተቀብሎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመንግሥት በቅሎ ላይ አንዲት ሳያጓድል ፈጸመው። ችግር የመጣው፣ መንግሥት በቅሎዋን ወስዶ በምትኳ ሞተር ሳይክል የሰጠው ጊዜ ነው።

ቢራራ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነው። ሥራውን ሲጀምር ጢሙ ገና ያቆጠቁጥ ነበር፤ አሁን ሸብቷል። ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ጊች የገብስ ማሳ ድረስ፣ የትኛው በሬ ተዋጊ፣ የትኛዋ ላም አኩራፊ እንደሆነች ከባለቤቶቹ ይልቅ እሱ ያውቃል። የጊች ባልቴቶች የላማቸውን አንገት ለሌላ መርፌ ወጊ አያስይዙም። አንድ ጊዜ እሱ ታምሞ ሌላ ሰው ቢላክ፣ ከብቱን ሁሉ ወደ ገደሉ አፋፍ አሽሽተው ሲያበቁ፣ «ከብት? ዱሮ ነበረን» ብለው በባዶ ሜዳ ተቀበሉት።

በቅሎዋ ሸጋ ትባል ነበር። ኮቴዋን ከማሳረፏ በፊት መሬቱን የምትመረምር፣ በገደል ጠርዝ ላይ ከመሐንዲስ የምትልቅ አስተዋይ እንስሳ ነበረች። ከቤተ ክርስቲያን ፊት ስትደርስ፣ ቢራራ ልጓሙን ሳይስብ ራሷ ትቆማለች። ነውሯ አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላዋ ድንገተኛ ድምፅ አትወድም።

ይህ ነውር በይፋ የታወቀው በርክክቡ ዕለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ጥር ወር አዲሲቱ ሞተር ከጎንደር በመኪና ተጭና መጥታ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ቆመች። ሸጋም ለመጨረሻ ጊዜ ኮርቻዋ ወልቆ፣ ጀርባዋን ለሞተሯ ጀርባ ሰጥታ ቆማ ነበር። ሞተሯን ያመጣው ሾፌር ችሎታዋን ለማሳየት ፈልጎ፣ «ስትጮህ ደግሞ እንዲህ ናት!» ብሎ ክላክሱን ሲጫነው፣ ሸጋ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ በአንድ ርግጫ የሞተሯን የኋላ መብራት አረገፈችው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ምስክር ወረቀት የሚያከብር ሰው ስለሆነ፣ በርክክቡ ዝርዝር ላይ «የኋላ መብራት» ከሚለው አጠገብ «በበቅሎ ምክንያት የለም» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አሰፈረበት።

ሸጋ በጨረታ ለመሪጌታ ተክለ ማርያም ደረሰች። ለቢራራ ደግሞ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤው ረጅም ቢሆንም ፍሬ ነገሩ አጭር ነበር፦ እስከ ግንቦት መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ሠራተኛ ሞተሩን ለተተኪው አስረክቦ ወደ መጋዘን ይዛወራል። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ የበግ እከክ መድኃኒት ይሸታል፤ ከዚያ ሆኖ ጊች አይታይም። ተተኪውም ተለይቶ ታውቋል፤ ሰጠኝ የሚባል፣ ዲፕሎማውን በላስቲክ አስለብሶ ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ሞተር ላይ ተወልዶ ያደገ የሚመስል ወጣት ነው። አቶ ምስክር ደግሞ ፍርደ ገምድል እንዳይባል፣ ቢራራን ሞተር እንዲያስተምረው ያዘዘው ይህንኑ ሰጠኝን ነው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ነገር አያናግሯት» አለ ሰጠኝ በመጀመሪያው ቀን። «ምላስዎን ቢያጮኹላት አትሄድም።»

«ልማድ ነው ልጄ። ታዲያ በምን ትሄዳለች?»

«በቀኝ እጅዎ። እጀታውን ወደ ራስዎ ጠምዘዝ ሲያደርጉ ነዳጅ ይጨምራል።»

«ስትቆምስ?»

«እጀታውን ይለቁና ፍሬኑን ይይዛሉ።»

ቢራራ ይህን ሲሰማ ሁለት እጆቹን አገላብጦ አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መሄድ ሲፈልግ እጁን ያላላል፤ መቆም ሲፈልግ ወደ ራሱ ይስባል። ይህች ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት፤ በሳቧት ቁጥር ትበራለች። የኋላ እግሯን እንዳነሣች በቅሎ ቆሞ አያት፤ እሷም በተሰበረው የኋላ መብራቷ መልሳ አየችው።

ጭንቅላቱ ትምህርቱን በሦስት ቀን ያዘው። እጁ ግን አልተማረም። መንገዱ ጭር ሲል ቢራራ ደኅና አድርጎ ይነዳል። ድንገት አንዲት አህያ ከጥሻ ብቅ ያለች እንደሆነ ግን፣ እጁ ጌታውን ሳያማክር ልጓም ይስባል፤ ሞተሯም ጮኻ ወደፊት ትወረወራለች። አህያዋ ከመንገድ የወጣችው በፍርሃት ሳይሆን በመገረም ነው እየተባለ ተወራ።

ወሬው ገና ሳይበርድ የአረጋሽ አረቄ ቤት ጉዳይ መጣ። በገበያ ዕለት ቢራራ ከአረጋሽ በር ላይ ለመቆም አስቦ ሲደርስ፣ ሁለት ፍየሎች ሲዋጉ ከፊቱ ተንከባለሉ። እጁ ሳበ። ሞተሯ ፍየሎቹን በመካከላቸው አልፋ፣ በአረጋሽ በር ገብታ፣ በጠጪዎቹ መደዳ መሃል አቋርጣ፣ በጓሮው አጥር ወጣች። ቢራራ ባለጌ አይደለምና ሲያልፍ፣ «እንደምን ዋላችሁ! አትነሡ! በእግዜር!» አለ። ጠጪዎቹ ግን ተነሥተው ነበር፤ አንዳንዶቹም መደብ ላይ ወጥተዋል።

«ኧረ ጋሽ ቢራራ!» ብላ ጮኸች አረጋሽ ብርጭቆዎቿን አቅፋ፤ «እኔ ቤት ገብቶ ሳይጠጣ የወጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ!»

ከጎመን መደቧ ላይ አንሥተው አቧራውን ሲያራግፉለት፣ ከሄልሜቱ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። ሄልሜቱ ከፊቱ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሄልሜቱን ባርኔጣ አድርጎ በመቁጠር «ለጌጥ ነው» እያለ ያፌዝ የነበረው ሁሉ ስንጥቁን አየና ዝም አለ።

የቢራራ ሚስት የሺወርቅ ግን ዝም አላለችም። በማግስቱ ጠዋት ሙቀጫውን ግቢ መሃል ደፍታ ባሏን አስቀመጠችው፤ ዘነዘናውንም አግድም አስይዛ፣ «ይህ የሞተሯ መሪ ነው። ንዳ» አለችው።

«የሺ፣ ጎረቤት ያያል።»

«ያረጋሽን አጥር ያየ ጎረቤት በዘነዘና አይገረምም። ንዳ!»

ቢራራ ነዳ። የሺወርቅ ዞር ዞር ብላ፣ ጎመን የምታይ መስላ ከቆየች በኋላ ድንገት፣ «አህያ!» ብላ ጮኸች። ዘነዘናው ከቢራራ ደረት ጋር ተጋጨ።

«በግ!» ዘነዘናው ደረቱን መታው።

«አየኸው?» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ጥፋቱ የሞተሯም አይደለም፣ ያንተም አይደለም፤ የእጅህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኸውን እጅ በሁለት ሳምንት አታስረሳውም። እጅህ ልጓም ከፈለገ ልጓም እንሰጠዋለን።»

ከቤት ገብታ ሸጋ ስትሸጥ ደብቃ ያስቀረችውን የቆዳ ልጓም ይዛ ወጣች። አንዱን ጫፍ ከቀኙ እጀታ ፊት ለፊት ካለው የፍሬን ዘንግ ጋር አጥብቃ ሰፋችው፤ ሌላውን ጫፍ በቢራራ የቀኝ እጅ አንጓ ልክ ቀለበት አበጀችለት። እንግዲህ እጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ፍሬኑን አብሮ ጎትቶ ይሸሻል። በሙከራው የሺወርቅ ራሷ ከአጥር ሥር ሁለት ዶሮ ለቀቀችበት። እጁ ሳበ፤ ሞተሯ ቆመች። ዶሮዎቹም በክብር ተሻገሩ።

አንድ ጥያቄ ቀረ፤ የመውረዱ ጉዳይ። በአረጋሽ ቤት፣ «ብረት ላይ ያለ ሰው አይወርድም» የሚሉና «ይወርዳል» የሚሉ ጠጪዎች ሊደባደቡ ስለደረሱ፣ ቢራራ ወደ መሪጌታ ተክለ ማርያም ሄደ። መሪጌታ ከደጃቸው ተቀምጠው ብራና ይፍቁ ነበር፤ ሸጋም ከአጠገባቸው ታስራ፣ ቢራራን ስታይ ጆሮዋን አቆመች።

«የኔታ፣ ሞተር ላይ ያለ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ይወርዳል ወይስ አይወርድም?»

መሪጌታ መፋቂያቸውን አስቀመጡ። «ይህች በቅሎ ከማን ደጅ እንደደረሰች ታውቅ ነበር?»

«ማወቅ ብቻ! ራሷ ነበር የምትቆመው።»

«ያችኛዋስ?»

«ያችማ ምንም አታውቅ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ለምታውቀው ከወረድህ፣ ለማታውቀው ሁለት ጊዜ መውረድ ይገባሃል። የሚያውቅ እንስሳ ራሱን ይገዛል። የማያውቀውን ብረት ጌታው ካልገዛው ማን ይገዛዋል?» አሉና መፋቂያቸውን አነሡ።

በዚህ ፍርድ መሠረት ቢራራ መውረዱን ቀጠለ። ገና ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌ ወይም ቀብር ሲያይ፣ ማርሹን ከጥርሱ አላቅቆ፣ ሾፌሮች እንደሚሉት ፎሌ አድርጎ፣ ሁለት እግሩን መሬት ይተክላል፤ ከዚያ ይወርዳል፤ ሄልሜቱን ያወልቃል፤ ይሳለማል። ሰጠኝ በአርባ ደቂቃ የሚደርስበትን ዳባት እሱ በግማሽ ቀን ይደርስበት ጀመር።

«ጋሽ ቢራራ» አለው አቶ ምስክር ሰዓቱን እያየ፣ «ይህን ያህል ከወረዱ ሞተሩ ለምን አስፈለገ?»

«ለመውጣት ነዋ፣ አቶ ምስክር» አለ ቢራራ።

ይሁን እንጂ በዚያው ወራት ሰጠኝ ሦስት ዶሮና የአንድ ውሻ ጅራት ጫፍ ሲያጠፋ፣ ቢራራ ያንዲት ጫጩት ላባ እንኳ አልነካም። ይህን የሚያስታውሱት ግን የጫጩቷ ባለቤቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አይሰጡም።

የሚሰጡት ሰው በግንቦት ሃያ ስምንት ከጎንደር መጡ። አቶ አይቸው ይባላሉ፤ ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ ክንዳቸው ሥር የወረቀት መያዣ ሰሌዳ ነበራቸው። ጫማቸው የደባርቅን አቧራ ገና አላመነውም፤ ደጋግመው ያራግፉታል። ፈተናው በኳስ ሜዳው ላይ ተዘጋጀ። ዘጠኝ ተፈታኞች ተሰለፉ፤ የከተማውም ግማሽ ሥራውን ትቶ ተሰለፈ። ቢራራ ዘጠነኛ ነበር።

አቶ አይቸው ሞተሯን ዞረው ሲመረምሩ ከቀኙ እጀታ ላይ ዓይናቸው ተተከለ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ልጓም ነው፣ ጌታዬ።»

«የምን ልጓም?»

«የሞተሯ።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። አቶ አይቸው አልሳቁም። «አንተ ሰውዬ፣ የመጣኸው ፈተና ነው ወይስ ጉግስ? በሞተር ላይ የቆዳ ጠፍር የሚፈቅድ ደንብ የለም። ፍታው!»

ቢራራ ወደ የሺወርቅ አየ። የሺወርቅ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ከንፈሯን ነከሰች። በጥርሱ እየታገዘ ስፌቱን ፈታውና ልጓሙን ኪሱ ከተተው። የቀኝ እጁ አንጓ እርቃኑን እንደቀረ ሰው በረደው።

«ደንቡን ስማ» አሉ አቶ አይቸው። «የቃል ጥያቄ አለ፣ በሜዳው ላይ ስምንት ቁጥር መሥራት አለ፣ ከዚያ እኔን ከኋላ ጭነህ መንገድ ትወጣለህ። በጠቅላላው አንድ ስሕተት ይፈቀዳል። ሁለት ካጠፋህ ወድቀሃል። ጥያቄ አንድ፦ በመንገድ ላይ እንስሳ ሲያጋጥም አሽከርካሪው ምን ያደርጋል?»

ቢራራ ፊቱ በራ። «የቱ እንስሳ?»

«እንስሳ ነዋ! ማንኛውም።»

«ማንኛውም የሚባል እንስሳ የለም፣ ጌታዬ። አህያ ከሆነች እቆማለሁ፤ አህያ መንገዱ የአባቷ ርስት ነው፣ በክርክር አትለቅም። በግ ከሆነ የመጀመሪያዋን ትቼ የመጨረሻዋን አያለሁ፤ ወደኋላ የቀረችው ሳታስብ ነው የምትሻገር። ላም ከሆነች ጥጃዋ ከወዴት እንዳለ ሳላይ አላልፍም፤ ጥጃው ከማዶ ከሆነ፣ እኔ ብኖርም ባልኖርም እሷ መሻገሯ ነው። ውሻ ከሆነ የሚፈልገው ባቴን ነውና ፍጥነት ቀንሼ አሳዝነዋለሁ፤ የማይሸሸውን ማባረር ይሰለቸዋል። ዶሮ ከሆነች ግማሽ መንገድ ሄዳ ሐሳቧን ትለውጣለች። ጭላዳ ከሆነ...»

«በቃ! በቃ!» አሉ አቶ አይቸው። «በቅሎስ?»

«እወርዳለሁ።»

«ክላክስስ?»

ቢራራ የሰማውን ማመን አልቻለም። «ለበቅሎ? ከኋላዋ?»

«መልሱ፣ ፍጥነት ቀንሶ ክላክስ መንፋት ነው» አሉና በወረቀቱ ላይ ትልቅ የእርማት ምልክት ጣሉበት። «አንድ ስሕተት። የተፈቀደልህን በልተሃል።»

ስምንት ቁጥሩን ቢራራ በአንደኛ ማርሽ፣ በሹክሹክታ፣ «ቀስ... ቀስ የኔ እናት...» እያለ ዞረው። ሰጠኝ ከሰልፉ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ እያናገሯት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቢሆንም ድንጋይ አልነካም፣ እግር አላወረደም። ማናገርም በደንቡ ላይ ስሕተት ተብሎ አልተጻፈም።

ከዚያ አቶ አይቸው ሰሌዳቸውን ታቅፈው ከኋላ ተፈናጠጡና ወደ ዳባት አቅጣጫ ወጡ። «ያለ እኔ ፈቃድ መውረድ እንደ ስሕተት ይቆጠራል» አሉ በጆሮው። ከመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርሱ ቢራራ ጠየቀ፦ «ጌታዬ፣ እዚህ መውረድ ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም!»

ሞተሯ ዘጠኝ እርምጃ እንደሄደች በቤተ ክርስቲያኑ በር ትክክል ዝም አለች። የቢራራ ግራ እጅ ከቁልፉ ላይ ሲመለስ አቶ አይቸው አላዩም።

«ምን ሆነች?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። ወርደን ብንገፋት ይሻላል።»

ሁለቱም ወረዱ። ቢራራ ላብ ሊጠርግ ነው በሚል ሄልሜቱን አወለቀ፣ ፊቱን አማተበ፣ በሩን ተሳለመ። ሞተሯም ጥቂት እርምጃ ከተገፋች በኋላ በአንድ ምት ተነሣች። አቶ አይቸው ሰማይ ሰማይ እያዩ ተመልሰው ተፈናጠጡ።

መንገዱ በሁለት የአፈር ግድግዳ መካከል ወደ ጠበበበት ሲደርሱ፣ ከፊት ለፊታቸው አንድ ነጭ ጥምጣም ታየ። መሪጌታ ተክለ ማርያም ነበሩ፤ ሸጋን በሶ የተሞላ ስልቻ ጭነው፣ ገመዷን ይዘው በእግራቸው ወደ ዳባት ይሄዳሉ። ቢራራ ገና እንዳያቸው ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ሁለት እግሩን መሬት ላይ ተከለ።

«ለምን ቆምህ?» አሉ አቶ አይቸው።

«የኔታ ናቸው፣ ጌታዬ። ልውረድ?»

«አይፈቀድም አልሁ! ክላክስ ንፋና እለፍ።»

መሪጌታ ድምፅ ሰምተው ቆሙ። ሸጋ ደግሞ የሰማችው ድምፅ የማን እንደሆነ ስላወቀች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ልማዷ ቆሎ እንዲሰጣት ወደ ኋላ፣ ወደ ቢራራ፣ ትጠጋ ጀመር። አንድ እርምጃ፤ ሁለት እርምጃ፤ ዳሌዋ ከፊተኛው መብራት አንድ ክንድ ቀረው።

«ንፋ!»

«ጌታዬ፣ በእግዜር፤ ይህችን አያውቋትም። እኔ አውቃታለሁ።»

«እንግዲያው ሁለተኛ ስሕተት ነው! ወድቀሃል ማለት ነው፤ ገባህ?»

መጋዘኑ፣ ያ መስኮት የሌለው መጋዘን፣ በቢራራ ዓይን ፊት ድቅን አለ። አውራ ጣቱ ወደ ክላክሱ ሄደ። ከዚያ የሸጋን ጆሮ አየና ጣቱን መለሰው። «ውድቀቴን ይጻፉት» አለ።

አቶ አይቸው ግን ደንብን በቃል ብቻ የሚተዉ ሰው አልነበሩም። በቢራራ ትከሻ ላይ ተንጠራርተው፣ በገዛ ጣታቸው ክላክሱን ተጫኑት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ሆነ። ሸጋ ዞር ብላ ሳታይ የፊቱን መብራት አረገፈችው። የቢራራ ሁለት እጆች ጌታቸውን ሳያማክሩ ልጓም ሳቡ። ሞተሯ እንደ አውሬ ጮኸች፤ ጮኸች፤ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ለመውረድ ሲባል ማርሿ ከጥርሱ ተላቅቆ ነበርና። አቶ አይቸው የመጀመሪያውን ኮቴ ሲያዩ ወደ ኋላ ዘለሉና፣ የትናንቱ ዝናብ ካቆረበት ቦይ ውስጥ ተዘረጉ። የሸጋ መጫኛ ተበጠሰ፤ ስልቻው ተንከባልሎ ያንኑ ቦይ መረጠ፤ ከደረታቸውም ላይ ፈነዳ።

መሪጌታ ገመዳቸውን ሳይለቁ፣ «እግዚኦ መሐረነ!» አሉ። አቧራው፣ ማለትም በሶው፣ ሲረግብ ወደ ቦዩ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ይህ ማነው ልጄ?»

«ፈታኜ ናቸው፣ የኔታ።»

«ደኅና ናቸው?»

ከቦዩ ውስጥ አንድ ነጭ ሰው ቀስ ብሎ ተነሣ። አቶ አይቸው አንድም ቦታ አልተጎዱም፤ ነገር ግን በላይ ዱቄት፣ በታች ውኃ ስለነበረ፣ ከወገባቸው በታች በሶው ተቦክቶ ነበር። ጫማቸው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሸጋ ቁጣዋን ጨርሳ፣ አፍንጫዋን ከቢራራ ኪስ ከትታ ቆሎ ትፈልግ ነበር።

«አይቀየሙኝ» አሉ መሪጌታ በትሕትና፤ «በሶዬን ዳባት ደርሼ ልበጥብጠው ነበር ያሰብሁት።»

በመመለሻው ጊዜ አቶ አይቸው ሞተር ላይ አልወጣም አሉ። ታላቅ እንግዳ በእግሩ እየሄደ መቀመጥ ነውር ስለሆነ፣ ቢራራም ሞተሯን እየገፋ ከጎናቸው ሄደ። በዚህ ሁኔታ ደባርቅ ሲገቡ፣ ከኳስ ሜዳው የነበረው ሕዝብ ለመሳቅ አፉን ከፈተና፣ የፈታኙን ዓይን ሲያይ መልሶ ዘጋው። የአረጋሽ አፍ ብቻ ሳይዘጋ ቀረ።

«ተጀመረ እንዴ ሠርጉ? ቦክተው መጡ እኮ!»

አቶ አይቸው ከሰሌዳቸው ላይ ሊጡን በጣታቸው ጠረጉና ብዕር አወጡ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ማለታቸውን ትተው ጠየቁ።

«ማርሹን ፎሌ ያደረጉት መቼ ነበር?»

«የኔታን ገና ከሩቅ ሳያቸው።»

«ለምን?»

«ለመውረድ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ፎሌ ባያደርጉት ኖሮ...» አሉና የቀረውን ዋጡት። ያን የበቅሎ ዳሌ፣ ያን የብረት ጩኸት በዓይነ ሕሊናቸው ሳያዩት አልቀሩም። ጥያቄ አንድ ላይ ያኖሩትን የእርማት ምልክት በጥንቃቄ ፍቀው፣ ከታች «አልፏል» ብለው ጻፉ። ሰጠኝ ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ፤ እሱም በዚያው ጠዋት አልፎ ስለነበረ፣ አቶ ምስክር ወደ ዳባት እንደሚመድበው ቃል ገብቶለት ነበር። አቶ ምስክር ግን ማጨብጨቡን ትቶ የርክክቡን ዝርዝር አስመጣ፤ «የፊት መብራት» ከሚለው አጠገብም፣ «በዚያችው በቅሎ ምክንያት» ብሎ ጻፈበት።

አቶ አይቸው ወደ አውቶቡሱ ከመግባታቸው በፊት ዞር ብለው፣ «ያ ጠፍር እንዳይመለስ!» አሉ።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ ቢራራ።

ቤት ሲገባ የሺወርቅ ከደጃፉ ሙቀጫ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ከተማው ሁሉ የነገራትን ከእሱ አፍ ልትሰማ ፈልጋ፣ አላወቀች መስላ ጠየቀችው።

«አለፍህ?»

«አለፍሁ።»

የሺወርቅ ፊቱን አየች። ለፈታኙ ያልነገረው፣ ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር እንዳለ ገባት። ዓይኗ ወደ ቀኝ እጁ ወረደ።

«እጅህስ?»

ቢራራ እጁን ዘርግቶ እንደ ባዕድ እጅ አየው። ፎሌ ባያደርጋት ኖሮ ያ እጅ ሦስት ሰውና አንዲት በቅሎ የት እንደሚያደርሳቸው ያውቃል።

«እጄ ግን አላለፈም» አለ።

የሺወርቅ ከኪሱ ልጓሙን ስባ አወጣች፤ ወስፌዋን ይዛ ከሞተሯ አጠገብ ተቀመጠች፤ መንጃ ፈቃድ ያለውን ባሏንም ሙቀጫው ላይ አስቀምጣ፣ በፊት ከነበረው አንድ ስፌት ጨምራ መስፋት ጀመረች።